የጥሩሐረግ ድምፅ

የኮምፒውተር ጠጋኙ ከሪም የሃርድ ዲስኩን ክዳን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትቶ ያነሣል። ውስጡ ያለው ክብ ሳህን እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ ግን ዙሪያውን ተፍቋል።

«ወድቆ ነበር?»

«ከመደርደሪያ» ይላሉ አቶ ይግዛው። «የተዝካሯ ዕለት፣ ሰው ሲጋፋ።»

ዲስኩ ላይ የነበረው የሟች ሚስታቸው የጥሩሐረግ ድምፅ ነው። ሰቆጣ ዙሪያ ሰው ሲሞት በኽምጥኛ ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች። ሰርግና ለቅሶ የሚቀርጽ ደሞዝ የሚባል ባለ ስቱዲዮ ለዓመታት ቀድቷታል፤ ስቱዲዮው በጦርነቱ ሲዘረፍ የተረፈው ይህ ብቻ ነው።

ከሪም ጥገናውን ትቶ እጁን ይጠርጋል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። የሚያነበው መርፌ ራሱ ነው የፋቀው። የትም ቢወስዱት ይህንኑ ነው የሚሉዎት።»

አቶ ይግዛው ወደ ልጃቸው ይዞራሉ። ዓይናዲስ አዲስ አበባ ለዶክትሬት ፊዚክስ ስትማር ቆይታ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ትምህርቱን ትታ እሳቸው ዘንድ ልትቀር ቆርጣለች።

«ያንቺ ትምህርት ይኸው አልነበረም?»

«ነው፣ አባዬ።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ቃል ትፈልጋለች። «ማግኔት ውስጥ በዓይን የማይታዩ አዙሪቶች አሉ፤ ወንዝ ላይ እንደምናየው ያለ አዙሪት። እንደ ዲስኩ በእነሱም ድምፅ መመዝገብ ይቻላል። እንደ ቋጠሮ ናቸው፣ በቀላሉ አይፈቱም። የሚሽከረከር ሳህን፣ የሚፍቅ መርፌ አይኖርም።»

«ቢወድቅስ?»

«ቢወድቅም እንዲተርፍ ነው የምንደክመው። ግን ገና ነው፤ ከቤተ ሙከራ አልወጣም።»

«ለዚህኛውስ?»

ከሪም አንገቱን ይደፋል። ዓይናዲስ «እንሞክራለን» ልትል አፏን ትከፍታለች፤ የአባቷን ፊት ስታይ ውሸቱ አልወጣ ይላታል።

«ለዚህኛው አይደርስም፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ሳህኑን ሊነኩ ጣታቸውን ይዘረጋሉ፤ ሳይነኩት ይመልሱታል። ከመንገድ ማዶ የወፍጮው ጩኸት ይሰማል።

«ይህን ሥራ የያዛችሁት ብዙ ናችሁ?»

«እኛ ጋ ጥቂት ነን።»

ኩታቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ዓይናዲስ ዲስኩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች ሳለ ደጅ ላይ ከመናኸሪያው ደላላ ጋር ሲነጋገሩ ትሰማለች።

«ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና አለ?»

«አለ አባባ። ስንት ሰው ነው?»



«አንድ» ይላሉ። «ልጄ ናት።»