የተደፋው ሻይ

በቅኝ ግዛቷ ወደብ ስመ ጥር የሆነው የሻይ ነጋዴ በርሜል ላይ ወጥቶ፣ ሻይ ጭኖ ወደ ቆመው የንጉሡ መርከብ እየጠቆመ ጮኸ።

«ወንድሞቼ! ባሕር ማዶ የተቀመጠ ንጉሥ ሳያማክረን እስከ መቼ ይቀርጠናል? ይህ መርከብ የጫነው ሻይ ዛሬ መሬት ከረገጠ አለቀልን!»

«ንጉሡ ባሕሩን ይጠጣ!» አለ ሕዝቡ።

ከሁሉ ቀድሞ መርከቡ ላይ የወጣው ጫማ ሰፊው ነው። ሚስቱ ታማ ከተኛች ሰንብታለች፤ አንጀቷን የሚያርሰው ሻይ ብቻ ነበር። ቢሆንም የሻይ ሣጥኑን በመጥረቢያ እየፈለጠ ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፋው። ሲወርድ ነጋዴው ራሱ የጫማ ሰፊውን ኪስ ፈተሸና አንዲት የሻይ ቅጠል አገኘ።

«ተው እንጂ ወንድሜ! ነጻነት በቅጠል ይለወጣል?»

ጫማ ሰፊው አፍሮ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ለሚስቱ ሻይ ሊገዛ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄደ። ከጀርባ ያለው መጋዘን ከሌላ አገር በስውር በገባ ሻይ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ዋጋው ግን ካለፈው ሳምንት እጥፍ ሆኗል።

«ምነው ጌታዬ፣ እንዲህ ተወደደ? ትናንት የደፋነውስ በስንት ሊሸጥ ነበር?»

«እሱማ የዚህን ግማሽ አይሞላም ነበር» አለ ነጋዴው ሚዛኑን እየወለወለ፣ «ከነቀረጡ።»