ከቦታው የማይነቃነቀው መስመር

መምህር ሽመክት እንጅባራ ውስጥ በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ቴሌስኮፕ ተክሎ ኳዛር ያጠናል። ኳዛር ሲያዩት ኮከብ ይመስላል እንጂ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነው። ብርሃኑ በመሣሪያ ሲተነተን፣ እንደ አንዳንድ አምፖል ብርሃን፣ ደማቅ መስመሮች ይታዩበታል። ኳዛሩ በራቀ ቁጥር መስመሮቹ ወደ ቀይ ይሸሻሉ፤ በደመቀ ቁጥር ደግሞ ከጠቅላላ ብርሃኑ አንጻር ይሳሳሉ። ይህን ዓለም ያውቀዋል፤ እንጅባራ ውስጥ ግን ከሁለት ሰው በላይ ግድ የሰጠው የለም።

ሽመክት ዓለም ያላወቀውን አገኘ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በስድስቱም ኳዛሮቹ ላይ አንድ አዲስ አረንጓዴ መስመር ታየ። በደብዛዞቹ ላይ ጎላ፤ በደማቆቹ ላይ ሳሳ።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር ከእትዬ ሰውዳ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቶ ይወጣ ነበር። ሰገነቱ ለሥራ የተመቸ ነበር፤ ማስታወሻ ለመጻፍ የእጅ ባትሪ እንኳ አላስፈለገውም።

«የቅርቡም የሩቁም መስመር አንድ ቦታ ላይ ነው» አለው አብሮት የሚኖረው መምህር ዮናዳብ። «በርቀቱ ልክ መሸሽ አልነበረበትም?»

«አዲስ ነው የምልህ ለዚህ አይደል?»

«ስሙን ማን ልትለው ነው?»

«የሽመክት መስመር።»

ዮናዳብ ሳቀ። ሽመክት ሳቁን ቂም አድርጎ ያዘው።

ውጭ አገር ያለ አንድ ፕሮፌሰር ጻፈለት፤ መስመሩን እስከ ሚያዝያ ማለቂያ በድጋሚ ካሳየ ያመለከተበት የዶክትሬት ቦታ የእሱ ነው። ለዚያው ቦታ ዮናዳብም አመልክቶ ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ መስመሩ የለም። ከስድስቱም ጠፍቷል። ሽመክት ሌንሱን ወለወለ፣ ገመዱን ቀየረ፣ ጸሎት ሞከረ። በመጨረሻ የሰገነቱ በር ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ትዝ አለው።

«መሣሪያዬን ምን አደረግኸው?» አለና ቁልፉን ቀማው።

«መስመርህን ኪሴ ውስጥ ፈልገው» አለ ዮናዳብ።

ሽመክት ፈተሸው።

ሦስት ቀን ሲቀረው ምስክር ፍለጋ ገበያ ወረደ። ሰውዳ ሽንኩርት ትመዝናለች።

«እትዬ ሰውዳ፣ እርስዎ ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር አይጠፉም ነበር። ዮናዳብ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ መሣሪያዬን ሲነካካ አላዩትም?»

«ምኑን አየሁት፣ መምህር፤ እኔ ከኢድ ወዲህ ማታ አልሸጥም፤ ያቺን ሰገነትህ ድረስ የምታበራ ፓውዛም ነቅዬ ለአማቼ መልሻታለሁ።»