የዘጠነኛው ፎቅ በር

አድነው በር ላይ ሲቆም የእናቱን ልጅም አያውቅም ይሉታል የሥራ ባልደረቦቹ። አልዋሹም። ከስቶክሆልም ተነሥታ ኦላንድ ደሴት ደርሳ በዚያው ቀን በምትመለስ የመዝናኛ መርከብ ላይ ጥበቃ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። የሚጠብቀው የዘጠነኛውን ፎቅ የመስታወት በር ነው። ከበሩ ወዲያ ሳውና፣ ለስላሳ ሶፋ፣ እንደ ልብ የሚበላና የሚጠጣ አለ፤ ተጨማሪ ለከፈለ ብቻ። የከፈለ ሰው ወርቃማ የእጅ ማሰሪያ ያደርጋል። ማሰሪያ የሌለው ንጉሥም ቢሆን ከበሩ ይመለሳል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን ከወላጁ ጋር በነፃ ይገባል። ይህም ደንብ ነው። አድነው ደንብ ይወዳል።

መርከቧ ፊቷን ወደ ስቶክሆልም ካዞረች በኋላ አንዲት ሐበሻ ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ ታቅፋ መጣችና ማሰሪያዋን አሳየችው። ልጅቷ ቢበዛ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጥሮ ተቆርጧል፤ ጭንቅላቷ የሴትየዋ ትከሻ ላይ ወድቋል።

"ያንቺ ናት?"

"የኔ ናት። ባሕር አይስማማትም፤ መድኃኒት ሰጥቻት ነው የደከማት።"

ባሕሩ እንደ ገበቴ ውኃ ረግቶ ነበር። አድነው በሩን ከፈተላቸው።

"የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?" አላት ልጅቷን።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ ጨፈነች።

"ሊዲያ ነው ስሟ" አለች ሴትየዋ።

እዚህ ያደጉ ልጆች መቼም እንዲህ ናቸው፣ ሲል አሰበ አድነው። ስቶክሆልም ሃግሴትራ ሰፈር ያሉት የእህቱ ልጆች በአማርኛ ሲያናግራቸው በስዊድንኛ ይመልሱለታል፤ ካላሰኛቸውም ዝም ይሉታል። ለምዶታል።

ሴትየዋ ገብታ ከመቀመጧ በፊት ክንዱን ያዘችው።

"ወንድሜ፣ ሸዋሉል እባላለሁ። አንድ ነገር ላስቸግርህ። የቀድሞ ባሌ መርከቡ ላይ አለ። ከሱ ከተደበቅን ዓመት ሆነን፤ አድራሻችን በመንግሥት የተሰወረ ነው። አሁን ታች ምግብ ቤቱ ጋ አየሁት። ካገኘን ይገድለናል።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ጥቁር የለበሰ፣ ጺሙን ያሳደገ። ልጄ ናት እያለ መምጣቱ አይቀርም። አትስማው።"

አድነው አባቱ እናቱን ሲደበድብ እያየ ያደገ ሰው ነው። ያኔ ትንሽ ስለነበር አልጋ ሥር ከመግባት በቀር ያደረገው ነገር የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

"በዚህ በር አያልፍም" አላት። ከልቡ ነበር።

ሰውየው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። ጺሙ ጎፍሯል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ልጅቷን በመስታወቱ አሻግሮ ሲያያት በሩን በቡጢ ይቀጠቅጠው ጀመር።

"ልጄ! ልጄ ናት!"

"ማሰሪያህን አሳየኝ" አለው አድነው።

ሰውየው ገፈተረው። አድነው አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመውና ወለሉ ላይ ዘረረው። ያ ግን የሚበቃው ሰው አልነበረም። ተነሥቶ የእሳት ማጥፊያውን ከተሰቀለበት መነጨቀና መስታወቱን መታው። በሩ ተፈረካክሶ ወደ ውስጥ ረገፈ።

አድነው ዱላውን መዘዘ። የመጀመሪያው ምት አገጩን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን ሁሉም ሰሙ። ሁለተኛው ጉልበቱን መትቶ ጣለው። ሰውየው በስብርባሪው ላይ በደረቱ እየተሳበ ወደ ልጅቷ አመራ። መዳፉ ተተልትሎ ምንጣፉን በደም ያሰምረዋል። አድነው ጀርባው ላይ ተንበርክኮ አንድ እጁን ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው ትከሻው ወለቀ።

ሰውየው ሊናገር ሞከረ። አገጩ አልታዘዝ ብሎት ደም ብቻ ተፋ። በቀረው እጁ ወደ ሴትየዋ ጠቆመ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

"እየማለ ነው" አለች ሸዋሉል፣ የተኛችውን ልጅ ደረቷ ላይ አጥብቃ። "እንደሚገድለኝ እየማለ ነው።"

አድነው ያን እጅ ወለሉ ላይ ጥሎ በጫማው ረገጠው። ሌሎቹ ጥበቃዎች መጥተው ባያስለቅቁት ኖሮ አያቆምም ነበር። ሰውየውን በካቴና አስረው እየጎተቱ ታች ካለው ማረፊያ ክፍል ዘጉበት። አድነው ከእጁ ላይ ደሙን ሲታጠብ ደስ ብሎታል። ለአባቱ ያላቀመሰውን ለዚህ አቅምሶታል።

መርከቧ ስቶክሆልም ስትደርስ ፖሊሶች የመንገደኞች መውጫ ላይ ቆመዋል።

"ቃልሽን ስጪ ካሉኝ አድራሻዬ መዝገብ ላይ ይወጣል" አለችው ሸዋሉል። "የሱ ጠበቃ ያገኘዋል። ባክህ ወንድሜ።"

አድነው በአራት ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ጣሰ። ልጅቷን ራሱ ተሸክሞ በሠራተኞች መውጫ አወጣቸው።

ወደቡ ላይ አንድ ነጭ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ሸዋሉል የኋላውን በር ልትከፍት ቀደም አለች። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ልጅቷ ነቃች። አድነው መሬት አቆማት፣ አጎንብሶ ሹራቧን አስተካከለላትና ይገባታል ብሎ ባሰበው ስዊድንኛ፣ "በቃ ከእንግዲህ ማንም አይነካችሁም፤ ሂጂ፣ እማዬ እየጠበቀችሽ ነው" አላት።

"ጋሼ" አለችው ልጅቷ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "እማዬ እኮ ሞታለች።"