ሁለት ራዲያን

ኢየሩ ጠመኔውን አንስታ፣ ሰሌዳው ላይ ከተሣለው ክብ በስተቀኝ፣ ከአግድሙ መስመር ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋ ነጥብ አኖረች። መምህር በዳሳ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አሁንም አንደኛው ኳድራንት፣ አንደኛው ሩብ! ሳምንቱን ሙሉ የደከምኩት ለዚህ ነው?»

ሰሌዳው ላይ የጻፈው «2» የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። ራዲያን ያለው በአፉ ነው። ኢየሩ ደግሞ አትሰማም፤ በአፍ የሚባለው ሁሉ የሚደርሳት ከሰሌዳው አጠገብ በምትቆመው አስተርጓሚ፣ በሄራን እጆች ነው። ሄራን የምልክት ቋንቋን የለመደችው ሸጎሌ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ስብከት እያስተረጎመች ነበር። ለጸጋ ምልክት አላት፣ ለምሕረትም አላት። እዚህ ትምህርት ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ግን የሒሳቡን ቃል እንደ ምንም ነበር የምትወጣው።

«ንገሪልኝ» አላት መምህሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞት ነው። «በዚህ አያያዟ የተፈጥሮ ሳይንስ አይሆናትም። ለራሷ ስል ነው፣ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንድትዛወር ዛሬ ለቢሮ እነግራለሁ።»

የሄራን እጆች ተነሡና አየር ላይ ቀሩ። ኢየሩ ላብራቶሪ ውስጥ ካልሆነ ሌላ ቦታ መሥራት እንደማትፈልግ ሄራን ታውቃለች። «ምን አለ?» አለቻት ኢየሩ በጣቶቿ።

«ሁለት ዲግሪ እኮ አላልኩም!» ቀጠለ መምህሩ። «ሁለት ራዲያን ነው ያልኩት!»

ይኼኛው ስለቀለላት ወዲያው አስተረጎመችው። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ ትንሽ ቀለበት ሠራች፤ ዲግሪ። ቀጥላም ያንኑ ቀለበት ደገመችው።

ኢየሩ ግራ ገባት። «ሁለት ዲግሪ አላልኩም፣ ሁለት ዲግሪ ነው ያልኩት? ምን ማለት ነው?»

ሄራን በራሷ ጣቶች ላይ አፈጠጠች። ሁለቱም የማዕዘን መለኪያ ናቸው ሲባል ሰምታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሁለቱም አንድ ምልክት ስትሰጥ ከርማለች።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አለች ጮክ ብላ።

በዚህ ክፍል የሄራን ድምፅ «እኔ» ካለ ኢየሩ ተናገረች ማለት ነው። መምህሩም ወደ ኢየሩ ዞሮ «አይዞሽ፣ ማመንሽም ጥሩ ነው» አላት።

«አይደለም መምህር፤ እኔ ሄራን ነኝ። ራዲያን ምን እንደሆነ አላውቅም። ዲግሪ ነው እያልኩ ስነግራት ነበር። እሷ የነገርኳትን ነው አሳምራ የሠራችው።» እየተናገረች ያንኑ በእጆቿ ለኢየሩ ነገረቻት።

«ሳምንቱን ሙሉ?» አለች ኢየሩ።

«ሳምንቱን ሙሉ።»

ኢየሩ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፎች አዞረች። ፊቷን ካዞረች ምንም አይደርሳትም። ይቅርታ ሲሉ የነበሩት የሄራን እጆች ቀስ ብለው ወረዱ።

መምህር በዳሳ የመታወቂያውን ማንጠልጠያ ከአንገቱ አወለቀና ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ንዝረቱ ደርሷት ኢየሩ ዞረች። ማንጠልጠያውን ከክቡ መሐል እስከ ጠርዙ ዘርግቶ ለካ፤ የለካትን ያህል ይዞ ከቀኙ ጫፍ ጀምሮ ጠርዙን አስከትሎ አጎበጣት። «ይቺ አንድ ራዲያን ናት» አለ፣ ሄራንንም ኢየሩንም እያየ።

ኢየሩ ከእጁ ተቀበለችው። የመጀመሪያው ካለቀበት ጀምራ አንድ ጊዜ ደገመች። ጫፉ የክቡን አናት አልፎ ወደ ግራ ቁልቁል ወረደ። የድሮውን ነጥብ በመዳፏ ጠርጋ እዚያ አዲስ አኖረች።

«ሁለተኛው ኳድራንት» አለ መምህሩ። «ቢሮ የሚያስኬደኝ ነገር የለም።»

ሄራን ይህን ስታስተረጉም ኢየሩ ዓይኗን ከእጆቿ ላይ አልነቀለችም። ሲያልቅ ግራ እጇን ጨብጣ፣ ቀኝ ክንዷን ቀጥ አድርጋ ዘረጋች፤ ከዚያም ክንዷን በጭብጧ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አጎበጠችው። ራዲያን።

ሄራን ክንዷን ዘርግታ ደገመችው። ኢየሩ አልሆነም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ጠጋ አለችና የሄራንን ክርን ይዛ ትንሽ ጎበጥ አደረገችላት።