የማለዳ እንግዶች

ጎህ ሲቀድ የግቢዋ በር ተንኳኳ። በስንጥቁ አጮልቃ ስታይ ሃያ የሚሆኑ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ከፊት ጎረቤቷ አደ ሎሚ፣ ከኋላ ረጃጅም ዱላ የያዙ ወንዶች።

«መጡብኝ!» አለች።

ከደሴ ወደ መቱ በሥራ ተዛውራ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። አንድ ቀን «መጤ ነሽ» ብለው ያባርሩኛል እያለች፣ በሯን ቆልፋ ነው የኖረችው። የመጣች ቀን አደ ሎሚ በቅቤ አሽተው የላኩላትን አንጮቴ ሳትቀምስ ደፍታዋለች። እድር ግቢ ሲሏትም «እኔ እዚህ አልሞትም» ብላ መልሳለች። ዕቃዋን ያደረሰላት ወንድሟ የአደ ሎሚን ስልክ ሲመዘግብ እንኳ ስቃበታለች።

ለፖሊስ ደወለች። ፖሊሱ እስኪደርስም ከውስጥ ሆና ጮኸችባቸው።

«ምን አደረግኳችሁ? ሴት ብቻዋን ስላገኛችሁ ነው? እናንተ እናት የላችሁም?»

አንዷ ሴት ፊቷን ሸፈነች።

ፖሊሱ መጣ። ከአደ ሎሚ ጋር ጥቂት ተነጋገረና ቆቡን አውልቆ ከሰዎቹ መሀል ቆመ።

«ክፈቺልን ልጄ» አሉ አደ ሎሚ። «ማታ ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው ብሎ ለመነኝ።»

በሩን ከፈተች። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በወንዶቹ እጅ ያየችው ዱላም የእድሩ ድንኳን ቋሚ ነበር።