አንዲት አረፋ ካለች

ምራት ጠረጴዛ ላይ ፈስሶ እንደ መስታወት የሚደርቀውን ሬዚን ከነዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ስታሞቅ አማት በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«ወይ ጉድ! ሰው እህል ይቀቅላል፣ የኔ ምራት ጠረጴዛ ትቀቅላለች።»

«ሲሞቅ ይቀጥናል እማማ። ሲቀጥን አየሩ ቶሎ ይወጣል።»

የመጀመሪያ ትእዛዟ ነው። ያመጣላት የቤት ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር። «ደንበኛዬ እሳት ናቸው» ብሏታል። «አንዲት አረፋ ካዩ አይቀበሉም። ማዕዘኑም ሹል አይሁን ብለዋል።»

እሷም አማቷ ሲነተርኳት ጊዜ አፏ አምልጧት ቃል ሰጥታለች፤ ጠረጴዛው ከተመለሰ ሥራውን ትታ የምትሠራበትን ክፍል ትለቃለች።

እንጨቱ አየር እንዳይተፋ አስቀድማ በስሱ ሬዚን ቀብታዋለች። ማጠንከሪያውን ጨምራ ቀስ እያለች አማሰለች፤ ቸኩሎ የሚያማስል አረፋ ይመታል። ከዚያ እንደ ክር አቅጥና አፈሰሰችው። ብቅ ብቅ ያሉትን አረፋዎች በጋዝ እሳት ሳትቆም ዳሰስ ዳሰስ አደረገቻቸው። ጠፉ።

ዳዴ የጀመረችው ልጇ አለቀሰች። አጥብታ ስትመለስ ያለበሰችው የላስቲክ ሽፋን ተገልጧል፤ አማት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረዋል።

«እማማ፣ አቧራ ይገባበታል!»

«እኔ ነኝ አቧራው? ይልቅ እዚህ ጋ አንድ አለች።»

ምራት እሳቱን አነሳች። አረፋዋ ፈነዳች።

«እዚያም ጋ» አሉ አማት፣ ፊታቸው ፈክቶ።

ማታ እራት ላይ ለባሏ፣ «እናትህ አረፋ ሲያገኙ ሎተሪ የደረሳቸው ነው የሚመስሉት» አለችው።

«እናቴን አታውቂያትም እንዴ?»

«አሳምሬ ነው የማውቃቸው! ሲመለስብኝ እልል ሊሉ ነው።»

በማግስቱ አማት ጠረጴዛውን በክንዳቸው ሲለኩ ደረሰችባቸው። ቀጥለው በሩን ለኩ።

«ምን እየሠሩ ነው እማማ?»

«ያልፍ እንደሆነ ነዋ። ወጥቶ እዚሁ መመለሱ መቼ ይቀራል!»

ምራት ላስቲኩን መልሳ አለበሰችው።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። የስልኩን መብራት አብርቶ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። ሬዚኑ እንደ ኩሬ ውሃ ጥርት ብሏል።

አማት መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉ። አንዴ ዞሩት። ደግመው ዞሩት። ምራት ልጇን ታቅፋ ዓይኗን ከጣታቸው ላይ አልነቀለችም፤ አሁን ይጠቁማሉ፣ አሁን ይጠቁማሉ።

ጣታቸው ሳይነሳ ቀረ።

ባለሱቁ ወደ አማት ዞሮ እጅ ነሳ። «እንግዲህ እማማ፣ ያዘዙትን ተቀበሉት አይደል? ሳሎን የቱ ጋ እናስቀምጥልዎ?»