የቃል ፈተና

ርእሰ መምህሩ ነገሩን በቃል ፈተና እንለየው አለ። ከስድስተኛ ክፍል ግማሹ ሴሚስተሩን ሙሉ እንግሊዝኛ የተማረው ከኮምፒውተሩ ነው፤ ግማሹ ከመምህርቷ። የእሷ ልጆች ከበለጡ ሥራዋ ይቀጥላል፤ ካልበለጡ ያበቃል።

አልሰጋችም። ልጆቿ በእረፍት ሰዓት እንኳ የሚሰዳደቡት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ሥራዋ ግን ምንም አልነገረቻቸውም፤ ልመና እንዳይመስልባት።

ፈተናው ሲያበቃ ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት።

"የአንቺዎቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስማችሁ ማን ነው ስንላቸው እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ? ወላጅ የሚያየው ውጤት ነው።"

ቦርሳዋን ልታነሳ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ልጆቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ይሳሳቃሉ። የክፍል አለቃዋ ፍሬገነት ሮጣ እጇን ያዘቻት።

"ቲቸር፣ ሸወድናቸው! ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ይዛወራል ሲሉ ሰማን። ማንም አፉን እንዳይከፍት ተማማልን። አሁን ማንም አይለየንም።"

ይህን ሁሉ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነበር፤ አንዴም ሳትደናቀፍ።